እናቴን “እርስዎ” ያሏት ሐሙስ

እናቴ አባቴን ጥላ ልትሄድ ነው ብዬ ያመንኩት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ልጅ ደግሞ አንድ ነገር ላይ በራሱ ከደረሰ እንደ አዋቂ ቆም ብሎ አይጠራጠርም፤ ያገኘውን ታቅፎ ይሮጣል።

ነገሩ የጀመረው በብስክሌቱ ነው። እናቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለሚሠራ አንድ አነስተኛ ወርክሾፕ መልእክተኛ ነበረች። ሦስት ሰዎች ቀኑን ሙሉ አቀርቅረው ጥርስ ሲሞርዱ ይውላሉ፤ እሷ ያለቀውን ጥጥ በተነጠፈበት የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጥና፣ ሳጥኑን ከብስክሌቷ ኋላ በላስቲክ ጠፍራ ለየጥርስ ሐኪሙ ታደርሳለች። የማን ጥርስ እንደያዘች ታውቃለች። “ዛሬ የዳኛውን መንጋጋ ይዤ ከተማውን ስዞር ዋልኩ” ብላ ስትገባ እኔና አባቴ ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር።

በመንገድ ላይ እንደ እሷ ጨዋ ብስክሌተኛ አላየሁም። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የምታደርሰኝ እሷ ስለነበረች ከኋላዋ ተቀምጬ ሁሉን አያለሁ። እግረኛ ጀርባ ድረስ ተጠግታ ደወል አታንጫርርም፤ ከሩቅ አንዴ ታሰማና ስትቀርብ ለስለስ ባለ ድምፅ “ይቅርታ፣ በግራ በኩል እያለፍኩ ነው” ትላለች። ሽማግሌ ወይም ነፍሰ ጡር ካየች እግሯን መሬት አስነክታ ትጠብቃለች። ዜብራ ጋ ስትደርስ ሰው ኖረም አልኖረም ትወርዳለች፤ ብስክሌቷን እየገፋች ትሻገራለች። ሌሎቹ በፉጨት ጥለዋት ሲያልፉ ዞር ብላ፣ “ደወል ሰላምታ ነው፤ እነዚህ ግን ስድብ አደረጉት” ትለኝ ነበር።

አንድ ረቡዕ፣ ካፊያ ሲጥል በዋለበት ቀን፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ያለወትሮዋ ቤት አገኘኋት። ብስክሌቱ ግድግዳው ተደግፎ ቆሟል፤ የፊት ጎማው ተጣሞ እንደ ተጨረማመተ ቆርቆሮ ሆኗል። መዳፏ ተልጦ በጨርቅ ጠቅልላዋለች። ምን ሆነሽ ነው ስላት ጉድጓድ ገብቼ ወደቅኩ አለችኝ። ቀሚሷ ላይ፣ ጭኗ አካባቢ፣ የደም ነጠብጣብ ነበር። የእሷ መሰለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ብስክሌቱን ለጠጋኝ ሸጠችው። ወርክሾፑ ውስጥ ተቀምጣ የጥርስ ቅርጽ የሚወጣበትን ጀሶ ማጠብ ጀመረች። ማታ ስትገባ ጥፍሯ ሥር ሁሉ ነጭ ነው። ቀልዱም ቀረ። የማን ጥርስ ነው ዛሬ ስላት፣ “የሰው” ትለኛለች፤ በቃ።

አባቴ የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር የማይችል ሰው። በዚያ ሰሞን ግን ሁለቱም ተምረውት ሹክሹክታ ሆነ ነገራቸው። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ የቤት ሥራዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ቤታችን አንድ ክፍል በመጋረጃ የተከፈለ ስለነበረ ሹክሹክታ ሩቅ አይሄድም የሚሉት ነገር አይሠራም። ሰውዬውን ሳታየው እንቅልፍ እንደማይወስዳት፣ መሄድ እንዳለባት ስትነግረው ሰማሁ። አባቴ ከነገርሽው አለቀልን አላት። ቀጥሎም፣ “ይቺ ልጅስ? ይቺን ልጅ የት ልንጥላት ነው?” አለ።

ይቺ ልጅ የተባልኩት እኔ ነኝ። እርሳሴን ደብተሩ ላይ አስቀምጬ እጄን ጉያዬ ውስጥ ከተትኩ። ትንሽ ቆይቶ አባቴ፣ “እሺ፤ ማየቱን እይው። አፍሽን ግን ያዢ” ሲላት ሰማሁ። እኔ አባቴ ሚስቱን ለሌላ ሰው እየለቀቀ መስሎኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አዝንለት ጀመር። ራቱን ሲበላ ዳቦውን ወደ እሱ አስጠጋለሁ። ምን ሆናለች ይቺ ልጅ እያለ ፀጉሬን ያሻሸኛል።

ሐሙስ ከሰዓት ወርክሾፑ ዝግ ነው። አባቴ የከሰዓት ተረኛ ስለነበረ እኔን የሚይዝ የለም፤ ስለዚህ እናቴ ወደ ሰውዬው ቤት ስትሄድ እኔን ይዛኝ ሄደች። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ጠባብ፣ ግድግዳው እርጥበት የበላው። እናቴ በሩን ገፋ አድርጋ ስትከፍት የጠበቅኩት ወጣት፣ ረጅም፣ ፀጉሩን ቅባት የተቀባ ሰው ነበር። ያገኘሁት መስኮት ሥር አልጋ ላይ የተጋደሙ፣ ቅንድባቸው የሸበተ ሽማግሌ ነው። ክፍሉ የመድኃኒት ቅባትና የቆየ ቀለም ይሸታል።

በሰፈሩ አባ መስመር ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማዘጋጃ ቤት ቀለም ቀቢ ነበሩ፤ በከተማው ውስጥ ያለ ዜብራ፣ የመታጠፊያ ቀስት፣ የመኪና ማቆሚያ መስመር ሁሉ በእጃቸው ያለፈ ነው። ሚስት ሞታባቸዋለች፤ ልጅ የላቸውም። ሌላ ከተማ የምትኖር አንድ የእህታቸው ልጅ ብቻ አለቻቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ቀኝ አንጓቸውም ተሰብሮ ጠሞ ገጥሟል። ሽማግሌ መሆናቸው ትንሽ ቢያሳርፈኝም ሙሉ በሙሉ አላሳረፈኝም፤ ምክንያቱም እናቴ እሳቸውን የምታይበትን ዓይን አየሁ። ውሃ ሲጠጡ ጉሮሯቸውን ታያለች። ሲያቃስቱ ከንፈሯን ትነክሳለች። አባቴን እንደዚያ አይታው አታውቅም። ያን ዓይን እኔ ፍቅር ነው አልኩ፤ ሌላ ስም አላውቅለትማ።

“ይቺ እናትሽ ባትደርስልኝ ኖሮ ዛሬ አፈር ነበርኩ” አሉኝ በመጀመሪያው ቀን፣ ከጎናቸው አስቀምጠውኝ። ከዚያ ታሪኩን ነገሩኝ። የእግረኛውን መንገድ ሠራተኞች ቱቦ ሊቀብሩ ቆፍረውት ስለነበረ እሳቸው የመኪናውን መንገድ ጠርዝ ጠርዙን ይሄዳሉ። ከኋላቸው አንድ ቀጭን ድምፅ “በግራ” ሲል ሰሙ። ከዚያ ሰማይና መሬት ተገለባበጠ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ራሳቸው የአንዲት ሴት ጭን ላይ ነው። የገጫቸውን አላዩም፤ የተሰበሰበው ሰው ግን ቁልቁለቱን ሲፈተለክ ያየው ባለ ቀይ ሸሚዝ ልጅ ነው ብሏል። “ልጁ ገጭቶኝ ሮጠ። ይቺ ግን አምቡላንስ እስኪመጣ ካለችበት አልተነሣችም። ሆስፒታልም መጥታ ጠየቀችኝ። ሰው ማለት ይቺ ናት።”

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ሰሃን ታጥብ ነበር። ውሃው ሲፈስ ይሰማል፤ ሰሃኑ ሲጋጭ ግን አይሰማም። አንዱን ሰሃን ብቻ ነበር ይዛ የምታጥበው፣ ደጋግማ።

በየሐሙሱ ሄድን። በሌላው ቀን ጠዋትና ማታ እሷ ብቻዋን ጎራ ትላለች። ታጥብላቸዋለች፣ ሾርባ ትሠራላቸዋለች፣ አንሶላ ትቀይራለች፣ ሌላ ሰው የማይነካውን ዕቃቸውን ይዛ ወርዳ ደፍታ ትመለሳለች። እሳቸው “ልጄ” ይሏታል፤ “አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ እንጂ ትንሽ” ይሏታል። እሷ ቁጭ አትልም። እኔን ደግሞ ወደዱኝ፤ እንዳልወዳቸው ብታገልም አልሆነልኝም። ቀልድ ያውቃሉ። መስኮታቸው ቁልቁል አንድ ዜብራ ስለሚያሳይ ቀኑን ሙሉ የሚቆሙና የማይቆሙ ብስክሌተኞችን ይቆጥራሉ። ለአላፊው ሁሉ ስም አውጥተዋል፤ ደወሉን የማይለቀው ባለ ኮፍያ “የቆርቆሮ ነጋሪት”፣ እያነበበች የምትሻገረው ተማሪ “ነፍሷን የሸጠች”። “ከዚህ ላይ ሆኜ አንዱንም ልጮህበት አልችልም፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ” አሉኝ አንድ ቀን እየሳቁ። ሳቁ ግን መሀል ላይ ቆመ።

ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ማስጻፍ የጀመሩትም ለዚህ ነው። እጃቸው ስለማይጽፍና የኔ ጽሕፈት በክፍላችን የተመሰገነ ስለነበረ ጸሐፊያቸው ሆንኩ። ብስክሌተኛና እግረኛ አንድ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚኖሩ ሕግ ይውጣ ነው የደብዳቤው ነገር። እያሰቡ፣ እየመለሱ ያጽፉኛል። እግረኛ መሻገር ከጀመረ መሀል ላይ ሐሳቡን ቀይሮ አይመለስ። ሦስት ሆነው ጎን ለጎን የሚሄዱ ጓደኛሞች መንገዱ የአባታቸው እንዳልሆነ ይወቁ። ብስክሌተኛ የእግረኛ መንገድ ላይ ከወጣ ይውረድና ይግፋ፤ “መግፋት ያፈረ ሰው መንዳትም አይገባው።” እንዲህ ያለው ንግግራቸው ሕጉ ውስጥ ይግባ አይግባ እየጠየቅኩ እጽፋለሁ። ይግባ ይላሉ።

ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ሐሙስ መሆን አለበት። የፎቁ ውሃ ተቋርጦ ስለነበረ እናቴ ባልዲ ይዛ ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ወረደች። ከወትሮው ቆየች። እኔ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ተቀምጫለሁ።

“ጻፊ” አሉኝ። “ብስክሌተኛ ከእግረኛ ጀርባ ደርሶ ‘በግራ’ ወይም ‘በቀኝ’ ብሎ አይጩህ። ከሩቅ ደውሎ ይጠብቅ። የደነገጠ ሰው ግራ ሲሉት ወደ ግራ ነው የሚሄደው። እኔን የሰበረኝ ይኸው ነው።”

ጻፍኩት። ከዚያ እርሳሴን አነሣሁ። ያኔ በልቤ የነበረውን ዛሬም አልረሳሁትም፤ ሳላስበው አመለጠኝ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አስቤበት ነው። እኚህ ሰው ብስክሌተኛ አይወዱም። እናቴ ብስክሌተኛ እንደነበረች ግን አንድ ቀንም አልነገረቻቸውም። ከሰሙ ይጠሏታል፤ ከጠሏት እኛው ጋ ትቀራለች።

“እማዬ እኮ እንደዚያ ነበር የምትለው” አልኩ።

“ማን?”

“እማዬ። ብስክሌት ስትነዳ ‘ይቅርታ፣ በግራ በኩል እያለፍኩ ነው’ ነበር የምትለው። አልነገረችዎትም? ብስክሌተኛ ነበረች። ጎማው ስለተጣመመ ሸጠችው።”

ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። “መቼ ነው የተጣመመው?”

“ካፊያ የነበረ ቀን። ረቡዕ። እጇም ተልጦ ነበር።”

የምጠብቀው ቁጣ ስለነበረ ፊታቸውን አየሁ፤ ቁጣ የለበትም። መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ባለበት እንደሚሆነው፣ ቅንድባቸውም አፍንጫቸውም ባለበት ነው። ግራ እጃቸውን ወደ ተጣመመው አንጓቸው ወስደው ያዙት። ከታች አንድ ብስክሌት ሳይቆም ዜብራውን አለፈ፤ አልቆጠሩትም።

“ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ክተቺው” አሉኝ። “ይብቃን።”

እናቴ ገባች። ፊቷ ርጥብ ነበር፤ የግንባሯ ፀጉር ውሃ ያንጠባጥባል። ባልዲውን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ከአልጋው ግርጌ ቆመች። እንደዚያ ቀጥ ብላ ቆማ አይቻት አላውቅም፤ ክፍል ውስጥ ግጥም ልታነብ የተነሣች ተማሪ መሰለችኝ።

“ጋሼ፣ አንድ የምነግርዎት ነገር አለ” አለች።

“ደክሞኛል” አሏት። ወደ መስኮቱ እያዩ ነው። “ልጅዎን ይዘው ይሂዱ።”

ልጅዎን። ይዘው። ይሂዱ። እኔ ዘዴዬ እንዳልሠራ፣ ይባስ ብሎ እንደከፋ ተረዳሁ። ጭራሽ አከበሯት! ትምህርት ቤት ያስተማሩን ለምናከብረው ሰው እርስዎ እንደሚባል ነው። አንድ ሰው ከአንቺ ወደ እርስዎ ሲያልፍ በር መዝጋቱ ሊሆን እንደሚችል ያስተማረኝ አልነበረም።

ደረጃውን ስንወርድ እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ቀዝቅዟል። ምን ስታወሩ ነበር አለችኝ። ስለ ደብዳቤው አልኳት። ሌላስ? ሌላ የለም አልኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆማ ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ ቆየች። ያመማት መስሎኝ ቦርሳዋን ያዝኩላት።

ከዚያ በኋላ መሄዳችን የሚቀር መስሎኝ ነበር፤ አልቀረም። አራት ወር ያህል በየሐሙሱ ሄድን። ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ ትደፋለች። እሳቸው “እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤቴ” ይሏታል። ማንኪያውን ወደ አፋቸው ስታቀርብ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ሁለት ጊዜ ያን ነገር ልትነግራቸው ስትጀምር አይቻለሁ፤ አንዴ ሾርባው እንዳይበርድ አሏት፣ ሌላ ጊዜ መስኮቱን ይዝጉልኝ አሏት። ደብዳቤው ከመሳቢያው አልወጣም። እኔን አሁንም አጠገባቸው ያስቀምጡኛል፤ ፀጉሬን በግራ እጃቸው ይነካካሉ፤ ለአላፊ አግዳሚው ግን ስም አላወጡም።

ዛሬ የገባኝ ይመስለኛል። እንድትናገር ቢፈቅዱላት መልስ መስጠት ነበረባቸው። ውጪ ቢሏት ዕቃቸውን የሚደፋላቸው የለም። ይቅር ብዬሻለሁ እንዳይሉ ልባቸው እሺ አላላቸውም። የሰበራቸው እጅ ካላጎረሳቸው የሚያጎርስ እጅ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ዝም አሉና ጎረሱ። እሷም ዝም ብላ አጎረሰች። እኔ መሀል ቁጭ ብዬ ማን ማንን እንደሚወድ እሰልላለሁ።

በመጨረሻ የእህታቸው ልጅ መጣች። ፈጣን፣ ጥሩ የለበሰች ሴት ናት፤ እናቴን አቅፋ አመሰገነቻት፣ አጎቴን እስከዛሬ ያቆዩልኝ እርስዎ ነዎት አለቻት። ሁለት ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው አወረዷቸው። እናቴ ትራሱን ይዛ ከኋላ ወረደች። መኪናው ውስጥ ካደላደለቻቸው በኋላ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። የሆነ ነገር እንዲሉ እየጠበቀች ነበር፤ ስድብም ቢሆን። አባ መስመር ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉና፣ “ይበርድዎታል፣ ይግቡ” አሏት። መስታወቱ ተዘጋ።

እኔ ከደስታዬ ብዛት ወደ ቤት በዝላይ ነው የሄድኩት። ማታ አባቴ ሲገባ ሰውዬው ሄደዋል ብዬ አበሰርኩት። አባቴ እናቴን አየ፣ እናቴ ወለሉን አየች። ይህችን ልጅ ምን ነካት ብሎ አልጠየቀም፤ ኮቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። እኔ ግን በዚያች ሌሊት ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥ ብዬ ተኛሁ።

እናቴ እውነቱን የነገረችኝ አባቴ በሞተ በዓመቱ ነው። እኔ አርባ ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል፤ እሷ ሰባን አልፋለች። ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እየላጠች ነበር፤ ምንም ሳልጠይቃት ጀመረች። የዚያን ዕለት ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ በሽተኛ አለ ተብላ ተጣድፋ ነበር። ከሩቅ አልደወለችም። ደርሳ “በግራ በኩል” አለች፣ እሳቸው ወደ ግራ ዞሩ። ሰው ሲሰበሰብ ቁልቁለቱን የሚወርድ ብስክሌተኛ ታየ፤ ያ ልጅ ሁለታችሁንም ገጭቶ ሮጠ አሏት። አይ፣ እኔ ነኝ ልትል አፏን ስትከፍት ድምፅ አልወጣም። “ሰዎቹ ውሸቱን አጉርሰውኝ ሄዱ” አለች። “እኔ መዋጥ ብቻ ነበር የቀረኝ።” አባቴ ከሥራ ትባረሪያለሽ፣ ትታሰሪያለሽ፣ ልጅቷን ማን ያሳድጋታል ብሎ ለመናት።

“አንድ ቀን ግን ቆረጥኩ” አለችኝ። “ውሃ ልቀዳ የወረድኩ ቀን። ቧንቧው ሥር ፊቴን ታጥቤ፣ የምለውን ደጋግሜ አጥንቼ ወጣሁ። ስገባ ፊታቸው ተለውጧል። እንዴት እንዳወቁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከኔ አፍ ቢሰሙት ኖሮ...”

ዝም ብል እችል ነበር። ፊት ለፊቷ ቁጭ አልኩና ነገርኳት። ደብተሩን፣ ያጻፉኝን፣ ያልኩትን፣ ለምን እንዳልኩት ሳይቀር። እናቴ ቢላውን አስቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣኝ በወደድኩ። እሷ ግን ወንበሯን ወደኔ ሳበችና ክንዴን ያዘችኝ።

“ምን አሉ?” አለችኝ። “ስትነግሪያቸው ምን አሉ?”

ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ክተቺው፣ ይብቃን አሉ አልኳት።

“ሌላስ? አልተሳደቡም?”

“አልተሳደቡም።”

“አላለቀሱም?”

“አላለቀሱም።”

“አስቢ እስቲ። እንደው አንድ ቃል።”

ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ስትፈልግ ኖራለች፤ ቃሉን የሰማ ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም የሰማሁት የለም። ስለዚህ ፈጠርኩላት።

“‘ሆነም ቀረም እናትሽ ደግ ሴት ናት’ አሉ” አልኳት።

ክንዴን ሳትለቅ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ለቀቀችኝ፤ ቢላዋን አንሥታ ግማሹ የተላጠውን ድንች ከጎድጓዳው ሰሃን ውስጥ አወጣች።

“እሳቸው እንደዚያ አይሉም” አለች።

እኔም ሌላ ቢላ ፈልጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ድንቹ ለሁለት ሰው ይበዛ ነበር፤ እሷ ግን ጆንያው ባዶ እስኪሆን ላጠች፣ እኔም ላጥኩ።